የጠገበ ጓሮ

ጥላ የቸገረው ሰው ካለ መጥቶ ቲማቲሜ ሥር ይቀመጥ። ሰፊ ጥላ ነው፤ ፍሬ አናቴ ላይ ይወድቅብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያትም የለም። ቃሪያው ወገቤ ደርሷል፤ ለዓይነት እንኳ አንድ አልያዘም። ዱባው አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቴን መኪና ጎማ ጨብጧል፤ ዱባ ግን የለም። ማሽላው አንደኛ ፎቅ ያለችውን ሴትዮ በመስኮቷ ብቅ እያለ ሲያስደነግጣት ከረመ፤ ዛላ የሚባል ነገር ግን አላየሁበትም ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም ይልና «አባባ፣ እንዴት ያለ ያማረ ጓሮ ነው!» ይለኛል። ማማሩንማ አምሯል። እኔ ለመልክ መቼ ተከልኩ? ለወጥ ነው የተከልኩት።

እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓዝ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ከእጄ ባዶነት በቀር የያዝኩት የእርሻ ዕውቀቴን ነው። እሱንም ቢሆን እዚህ አገር የሚረከበኝ አላገኘሁም።

አባቴ በበጋ ብረት ይቀጠቅጥ፣ በክረምት ያርስ ነበር። የኛ የቤተ እስራኤል ሰው ርስት አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ፣ በፈረንጅ 1975 መሆኑ ነው፣ እስኪመጣ ድረስ የሰው መሬት እያረስን ከምርቱ ለባለ ርስቱ እናካፍል ነበር። ምርት የሚካፈል ሰው በቅጠል አይታለልም። «ጌታው፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ሸጋ ነው፤ ድርሻዎን ይውሰዱ» ብንለው ኖሮ የሚያነሣው ዱላ ገና ሳስበው ትከሻዬን ያመኛል።

አሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የራሴ ርስት አለኝ። ቤርሼቫ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ ከሕንጻው ጀርባ፣ በቆሻሻ ገንዳውና በመኪና ማቆሚያው መካከል። ስፋቱን አትጠይቁኝ፤ በሬ ቢገባበት መዞሪያ አያገኝም። ቫአዱ፣ የሕንጻው ኮሚቴ ማለቴ ነው፣ ለሦስት ስብሰባ ከተጨቃጨቀ በኋላ «ይትከልበት» ብሎ ፈቀደ። የፈቀዱት አትክልት ያበቅላል ብለው እንጂ ጫካ ያበቅላል ብለው አልነበረም። አሁን ድመቶቹ እንኳ መንገድ ጠፍቷቸው እዚያው ይውላሉ።

ይህን የሰማ ሁሉ መካሪ ሆኖብኛል። ቤርሼቫ ውስጥ ያለ ውሃና ያለ ኩትኳቶ የሚያፈራ ነገር ቢኖር ምክር ነው።

መጀመሪያ የመጣው የልጅ ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ አንቱ ማለት አያውቅም፣ እሱን ከተውኩት ቆየሁ፤ ሳባ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ይለኛል። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

«ሳባ፣ ናይትሮጅን አብዝተህበታል» አለኝ። «ምን ሰጠኸው?»

«ምን እሰጠዋለሁ? ትንሽ የዶሮ ኩስ ነው።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? ፍግ በአካፋ ይጣላል እንጂ ማን በሻይ ማንኪያ ይለካል? ከአንድ ሞሻቭ፣ ከእርሻ መንደር፣ ነው ያስመጣሁት፤ ትኩስ ስለነበር በርካሽ ሰጡኝ። እርግጥ ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ቫአዱን አራተኛ ስብሰባ አስጠርቶታል። ግን ጥሩ ነገር የማይሸት የት አገር ነው?

ልጁ ማብራራት ጀመረ። ተክል ናይትሮጅን ሲያገኝ ግንድና ቅጠል ይሠራል። ለአበባና ለፍሬ ደግሞ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይሻል። ናይትሮጅኑ ከመጠን ሲያልፍበት ገና ልጅ ነኝ ብሎ ማደጉን ብቻ ይቀጥላል፤ ዘር ለመተካት የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። የዶሮ ኩስ ደግሞ ከከብት እበት ይልቅ እጅግ ብዙ ናይትሮጅን አለው። ቦሎቄውማ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ሥሩ ላይ ባሉት ቋጠሮዎች ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከአየር እየወሰዱ ያዘጋጁለታል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ስልኩን እያየ ነው። ስልክ ውስጥ የበቀለ ቦሎቄ እስካሁን አላየሁም።

እኔም መለስኩለት። «ጎንደር ዱባ የሚተከለው የት መሰለህ? ከቤት ጀርባ፣ ጥራጊና አመድ በሚደፋበት ቦታ ነው። ማንም አይለካለትም፤ ማንም ስልክ አያይለትም። ሁለት ሰው ሆነን የምናነሣው ዱባ ይሰጠን ነበር።»

ልጁ ዓይኑ በራ። «አመድ አልክ?»

«አዎ፣ አመድ።»

«ይኸው! አመድ ውስጥ ፖታሲየም አለ። እናንተ ምድጃ ነበራችሁ፤ ሳታውቁት የጎደለውን እየሞላችሁለት ነበር። እዚህ በጋዝ ነው የምታበስሉት።»

ሳታውቁት! ሺህ ዓመት ያረሰ ሕዝብ ሳያውቅ ነው ያረሰው። ቢሆንም የአመዱ ነገር በጎ መሰለኝ። ላግ ባዖሜር የሚባለው በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች ባዶ ሜዳው ላይ እንጨት ከምረው ያነድዱ የለም? በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። አመድ በያይነቱ! የበር አመድ፣ የአልጋ አመድ፣ የቁምሳጥን አመድ። ሚስማሩን እየለቀምኩ አንድ ባልዲ ሞላሁና ተሸክሜ ስመለስ ልጁ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። «ሳባ፣ እንዳትደፋው! የቤርሼቫ አፈር ከመነሻው አመዳም ጠባይ ነው ያለው፣ አሲድ የለውም፤ አመድ ስትጨምርበት ይብስበታል። ያ እንጨት ደግሞ ቀለም የተቀባ ነው።» ታዲያ ከደቂቃ በፊት አመድ እያለ የዘመረልኝ ማነው? ባልዲው አሁንም በረንዳው ላይ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ባለቤቴ ትረግመኛለች።

እውነቱን ለመናገር አፈሩም አፈር አይደለም። ሎስ ይሉታል፤ ነፋስ ከበረሃ እያመጣ ለዘመናት ያራገፈው ብናኝ ነው። ዝናብ ሲመታው ላዩ ይጋገርና ውሃ አላስገባ ይላል። ዝናቡም ቢሆን ምን ዝናብ ነው? በዓመት 200 ሚሊሜትር ገደማ! ጎንደር ከ1000 በላይ ታወርዳለች። በ2021 መስከረም የገባው የሽሚታ ዓመት ለመሬት የዕረፍት ዓመት ነበር፤ የኔይቱ ዐርፋ ስታበቃ እስካሁን አልተነሣችም።

ግን ሰው በዚህ አፈር ላይ አብቅሎበታል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከቤርሼቫ በስተደቡብ ሺቭታ የሚባል የፈረሰ ከተማ አለ። በቢዛንታይን ዘመን የነበሩት ገበሬዎች ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ እርከን እየያዙ ወይን ያለሙ ነበር። የርግብ ቤቶቻቸው ፍርስራሽ ሲቆፈር ርግብ የሚያረቡት ለኩሱም ጭምር መሆኑ ታወቀ። ይህን ለልጁ ነገርኩት፤ በዕብራይስጥ የሰማሁትን መልሼ በአማርኛ። «አየህ? ኩስ ነው ያለሙበት!» አልኩት። «ሳባ፣ እነሱ በእፍኝ ነው» አለኝ። በእፍኝ ይሁን በአካፋ ማን ቆሞ አይቷቸው ነው?

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይስሐቅ አለ። ኦሪት እንደሚነግረን አባታችን ይስሐቅ በጌራራ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ምድር፣ በረሃብ ዘመን ዘርቶ በዚያው ዓመት መቶ እጥፍ አገባ። በረሃብ ዘመን! ከዚያም ወደ ቤርሳቤህ ወጣ፤ ማለትም ወደኛው ሰፈር። እኔ ግን አባትየውን አብርሃምን ነው የማደንቀው። ቤርሳቤህ ላይ የተከለው ኤሼል የሚሉትን ዛፍ ነው። ኤሼል የሚበላ ፍሬ የለውም፤ ጥላ ብቻ ነው። ሽማግሌው ቦታውን ዓይቶ ገምቶታል ማለት ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ «አብርሃም ሆይ፣ ፍሬው የታለ?» አላለውም። እኔን ግን የሕንጻው ልጆች ሳይቀሩ ይጠይቁኛል።

ሁለተኛው መካሪ፣ ጥፋቱ የውሃ ነው ያለኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሚቆመው የቤዱዊኖች ገበያ የማውቀው ሽማግሌ ነው። ዐረብኛ አልችል፣ አማርኛ አይችል፤ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ነው የምንግባባ፤ በተሰባበረ ቋንቋ ግን ሰው ውሸት አይናገርም። እነሱ ባዓል የሚሉት እርሻ አላቸው። የክረምቱ ዝናብ ያረጠበውን አፈር ይዘው፣ ሳያጠጡ፣ ፋኩስ የሚባል ቀጭን ኪያር መሳይ ነገር ያፈራሉ። «ሐጅ፣ ቲማቲምህን ስንት ጊዜ ነው የምታጠጣው?» አለኝ። እኔ አላጠጣም፤ ጢፍጡፎት ነው የሚያጠጣው። ጥቁር ቱቦ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀንም ሌሊትም ጠብ ጠብ የሚል። የውሃ ኮምፒውተሩን ልጁ አስተካክሎልኝ ነበር፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለመሰለኝ ጥቂት ከፍ አደረግኩት። ሽማግሌው ሳቀና «አስጠማው» አለኝ። «ተክል ሲጠማ ሞት ትዝ ይለዋል፤ ሞት ትዝ ሲለው ልጅ ይወልዳል።»

ይኸን እኮ እኔም ከመጀመሪያው ስለው የነበረ ነገር ነው! ጠግቦ ነው ብያለሁ። እኛ አገር ተክል ሰኔ ላይ ይበቅላል፣ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ እንደሚዘጋ ያውቃል፤ ያለችው ጊዜ ያች ናትና ቶሎ ብሎ ያብባል፣ ቶሎ ያፈራል። እዚህ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየጠባ ያድራል። ማን ይቀጣዋል? ማን ያስፈራራዋል? የጠገበ ደግሞ ጠባዩ በሰውም በበግም አንድ ነው።

የዚህ የጢፍጡፎት አባት የሚባለው ሲምሐ ብላስ የተባለ የውሃ መሐንዲስ ነው። ቧንቧ የሚያፈስበት ቦታ አጠገብ የቆመ ዛፍ ከሌሎቹ በልጦ አድጎ አይቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። በኋላ ከዚህ ከቤርሼቫ አጠገብ ካለው ከሐጸሪም ኪቡጽ ጋር ሆኖ በ1965 ሥራው ተጀመረ፤ ኔታፊም የሚባለው ድርጅት ይኸው ነው፣ ዓለምን ዞሮታል። ሐጸሪሞች ራሳቸው በ1946 ሲሰፍሩ መሬታቸው ጨዋማ ነበር፤ አጥበው አጥበው ነው ያዳኑት። ሰዎቹን አከብራቸዋለሁ። ግን አስተውሉ፦ ብላስ ያየው ዛፉ ማደጉን ነው። ያፈራ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ ማንም አልነገረኝም።

ሦስተኛዋ መካሪ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሩሲያዊት ናት። አገሯ ዳቻ፣ የገጠር ጓሮ ያለው ቤት፣ ነበራት፤ ቲማቲም ሳይኖር ክረምት አይገባም ባይ ናት። አንድ ጠዋት ስወጣ መቀስ ይዛ ቲማቲሜ ውስጥ ገብታለች። በግንዱና በቅርንጫፉ ብብት መካከል የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ትቀነጥሳለች። «እነዚህ ሌቦች ናቸው» አለችኝ። ተክሉ ጉልበቱን ለነሱ እያከፋፈለ ለፍሬው ምንም አያስቀርም ማለቷ ነው። ስትጨርስ ቲማቲሙ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። በሳምንቱ ግን ሌቦቹ ዘመዶቻቸውን ይዘው ተመለሱ።

ደግነቱ ከቀረው ላይ አበባ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ይኸኔ ሻራቭ መጣ። ያንን የበረሃ እሳት ያላየ አያውቀውም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ቲማቲም ደግሞ ቀኑ 35 ገደማ ሲነካ፣ ሌሊቱም አልበርድ ሲል፣ የአበባው ብናኝ ይመክናል፤ አበባው ሳይጸንስ ደርቆ ይረግፋል። ቃሪያም ያው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በክረምት ሌሊት ያለ ጋቢ አይታደርም። ቤርሼቫ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በዚያ ሰሞን እኔም ማዝጋን፣ አየር ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው፣ ሥር ተጋድሜ ነው የዋልኩት። ለቲማቲም ማዝጋን የሚያስገባለት የለ፣ በምን ላፍራ ይበል?

ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የቀሩትን አበቦች ብናኛቸው እንዲራገፍ ማንቀጥቀጥ ይጠቅማል ብሎ የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ይዞ መጣ። ዝዝዝ እያደረገ የእያንዳንዱን አበባ አንገት ይነካል። አላፊው ቆሞ ያያል። «የማንን ብሩሽ ነው የያዝከው?» አልኩት። ዝም አለኝ። እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ስንፍቅ የቲማቲም ቅጠል የሚሸተኝ በከንቱ አይደለም።

የዱባው ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ለሰው ለመንገርም ያሳፍራል። አበባማ ሞልቶታል፤ ቢጫ ምንጣፍ ነው። እኔም በአበባው ቁጥር ዱባ ስቆጥር ከረምኩ። ለካስ ሁሉም ወንድ ነው! የዱባ አበባ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቷ ከአበባዋ ሥር ገና ከመነሻው ትንሽ ዱባ ታዝላለች። ወንዶቹ ቀድመው ይመጣሉ። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቀኑ ሲረዝም፣ ፍጉ ሲበዛ ደግሞ ወንዶቹ ይበዛሉ፣ ሴቶቹ ይዘገያሉ። እንግዲህ ጓሮዬ ውስጥ ያለው የወንድ ጉባኤ ነው። ማለዳ ይከፈታል፣ እርስ በርሱ ይተያያል፣ ከቀትር በፊት ይዘጋል። የቫአዱ ስብሰባም ከዚህ ብዙ አይለይም።

አንድ ቀን ሴት መጣች። አንዲት! ቅጠል ሥር ተሸሽጋ። ንቦቹ ደግሞ አልነበሩም፤ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? ልጁ «አንተ ራስህ አገናኛቸው» አለኝ። ወንዱን ቀንጥሰህ፣ የአበባውን መልበሻ ገፍፈህ፣ ሴቷ አበባ ውስጥ አስገብተህ በብናኙ ትነካካታለህ፤ ይህም በማለዳ ካልሆነ አይሠራም።

እኔ በዕድሜዬ ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብዬ ቆሜ ለምኛለሁ፤ ተገፍቼም ተመልሻለሁ፤ ሁለተኛም ተልኬ አስፈቅጃለሁ። ለዱባ ሽምግልና ስላክ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያውም እኛ ቤተ እስራኤል ዘር የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ሰባት ቤት ካልተራራቀ ጋብቻ የለም። እነዚህ ግን አንድ ሐረግ ላይ የበቀሉ ናቸው! ወንድምና እኅት! ይህንን ስለው ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሳባ፣ ዱባ ነው እኮ» አለኝ። ዱባስ ቢሆን ሥርዓት የለውም? ለማንኛውም በማለዳ ወጣሁ፣ ዙሪያዬን አየሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አገናኘኋቸው። በሳምንቱ ያቺ ትንሽ ዱባ እንደ እንቁላል አከለች። በሁለተኛው ሳምንት ቢጫ ሆና ወደቀች። ባለቤቴ «አልተስማሙ ይሆናል» አለች።

ባለቤቴ ስለዚህ ጓሮ የምትናገረው ነገር ካለ አንድ ነው፦ «ጎመን ትከል።» ካሊሸር በሚባለው መርካዝ ክሊጣ፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማለት ነው፣ ግቢ ከኢትዮጵያ የገቡ ሰዎች መደብ ተከፋፍለው አትክልት ሲያለሙ እያየች የተመኘችውም ይህንኑ ነው። እርግጥ አንድ ጥግ ላይ ጎመን ዘርታለች፤ ያለ ማፈር በቅሏል። ቅጠሉ እየተቀነጠሰ እንደገና ይወጣል። «ጎመን በጤና» እያለች በየሳምንቱ ድስቱን ፊቴ ታስቀምጣለች። ለሷ የዶሮ ኩሱም ጢፍጡፎቱም በረከት ሆነ። እኔ ግን በጎመን አልኮራም። ቅጠል ተብሎ የተፈጠረ ነገር ቅጠል ቢሆን ምን ብርቅ ነው?

ማሽላው ይቅር ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዘሩ የአገር ቤት ዘር ነው። እንዴት እንደመጣ አትጠይቁኝ፤ የአሮጊት መቀነት የሚፈትሽ የለም። በፋሲካ ሰሞን ዘራሁት። በሐምሌ ትከሻዬን አለፈ፣ በነሐሴ እጄን ዘርግቼ አልደርስበት አልኩ። አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፊ፤ ዛላ ግን የለም። ልጁ ለዚህም መልስ ነበረው፤ መቼ ይታጣዋል? ይህ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያሳመነኝ ብቸኛው ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የኩስም የውሃም ሳይሆን የፀሐይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ላይ ቀንና ሌሊት አይበላለጡም ማለት ይቻላል፤ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ቤርሼቫ ግን በሰኔ ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ነው። የኛ ነባር ማሽላ፣ ኑግም እንዲሁ፣ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ሌሊቱ ካጠረ «ገና ክረምት ነው» ብሎ ማደጉን ይቀጥላል። ይህን የቀን ርዝመት ነገር በግልጽ ያሳዩት ጋርነርና አላርድ የሚባሉ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ሊቃውንት ናቸው፤ በ1920 ጻፉት። መነሻቸውም ልክ እንደኔው ያለ መከራ ነው። ሜሪላንድ ማሞዝ የሚባል የትንባሆ ዓይነት ነበር፤ በጋውን ሙሉ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፣ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ አያብብም። ማዳበሪያውንም ሙቀቱንም ሞክረው አቃታቸው። በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡት ቀኑን ሲያሳጥሩበት አበበ። ትንባሆ ግን የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው! እነሱ ምን ቸገራቸው? መከራው የኔ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ ከማሽላዬ አናት ላይ የመኪና ማቆሚያው መብራት አለ። ከመሸ ጀምሮ እስኪነጋ ቦግ ብሎ ያድራል። እንዲህ ያለው ተክል ሌሊቱን የሚለካው በጨለማ ነውና፣ ለሱ ቤርሼቫ ውስጥ መሽቶ አያውቅም። መብራቱ ይጥፋልኝ ብዬ ለቫአዱ አመለከትኩ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ «መብራቱ ከጠፋ ያ ዛፍ ይገባብኛል» ብላ ተቃወመች። ማሽላዬን ዛፍ አለችው።

ስለዚህ እንደ አሜሪካኖቹ አደረግን። በነሐሴ መጨረሻ ልጁና እኔ አራት እንጨት ተክለን፣ ብርድ ልብሱንና አሮጌውን መጋረጃ ሁሉ አውጥተን፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እናከናንበው ገባን። ሦስት ሜትር የሚረዝም ነገር ማልበስ ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ብርድ ልብሷ ላይ አገዳ አጣብቆ ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። የሰፈሩ ሰው ግን ያየው ነገር ሌላ ነበር። «ቀደም ብለህ ሱካ ሠራህ? ብርቱ ሰው!» ይለኛል እየጨበጠኝ፤ ለሱኮት በዓል የሚጣለው ዳስ መስሎት ነው። ከሙት ልብስ ጋር ያመሳሰሉም አልጠፉም፤ ሁለት ሴቶች ለቅሶ መስሏቸው ቡና ይዘው መጡ። ቡናውን ጠጣን።

ከዚያ ሱኮት ደረሰ፤ እኛ በዓለ መጸለት የምንለው። ማዶ ያለው ሃይማኖተኛ ጎረቤቴ መጥቶ ማሽላውን ከላይ እስከ ታች ገመገመው። ለሱካው ጣሪያ የሚሆን ስሓሕ ፈልጎ ነው። «ፍሬ አለበት?» አለኝ ቀስ ብሎ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተጎዳ ሰው ይጠየቃል? «የለበትም» አልኩት በቁጣ። «እንዲያውም ይሻላል!» አለ። ለካስ ለስሓሕ የሚፈለገው ከምድር የበቀለ፣ የተቆረጠ፣ የሚበላ ያልሆነ ነገር ነው። የኔ ማሽላ ሕጉን አንድ በአንድ አሟልቷል። ገበያ ላይ ከሚሸጡት የዘንባባ ቅጠሎች ይበልጣል አለኝና ዋጋ ጠራ። ዋጋው ደህና ነበር።

ልጁ ስልክ ደውሎ ጮኸብኝ። «ሳባ፣ እንዳትቆርጠው! መስከረም አልፏል፤ ሌሊቱ ከቀኑ በልጧል፤ አሁን ነው የሚያብበው!» ይህን ሲለኝ ግማሹን ቆርጬዋለሁ። የቀረውንም ቆርጬ ሸጥኩ፤ ሁሉን ነገር ለነገ እያለ የሚያሳድረኝ ተክል በቃኝ።

በበዓሉ ሦስተኛ ቀን ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ተከትዬው ወጥቼ ሱካው ውስጥ ገባሁ፤ ቀና በል አለኝ። ቅጠሉ ደርቆ ሲኮማተር፣ አንዱ አገዳ ጫፍ ላይ፣ ከብብቱ ውስጥ ዛላ ብቅ ብሏል። ገና ያልበሰለ፣ ጨቅላ ዛላ፤ ግን ዛላ ነው። ሁለተኛው አገዳ ላይም አለ። ሦስተኛውም ላይ። ጎረቤቴ የሚበላ ነገር ጣሪያው ላይ ተገኝቶ ሱካው ይፈርስ እንደሆን ረቢውን ሊጠይቅ ሄዷል። ቢፈርስም ቢጸናም እኔ ገንዘቡን አልመልስም።